ያገለገለ የምግብ ዘይት አጣርቶ ለናፍጣ መኪና ማዋል፦ አሠራሬ ይኸው፣ አስተያየት ስጡበት

ዘይት_አጣሪ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚጻፈውን ሳነብ ቆይቻለሁ። አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ስለ ማጣሪያው ቀዳዳ ስፋት ነው፤ አምስት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) ይበቃል፣ የለም አንድ መሆን አለበት እየተባለ። እኔ ግን ዋናው ነገር ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ነው ባይ ነኝ። አሠራሬን ከመጀመሪያው ላስቀምጥና የማትስማሙበትን ቦታ ንገሩኝ።

መኪናዬ አሮጌ የጭነት ፒክአፕ ነው። ሞተሩ ቱርቦ የለውም፤ ነዳጁ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ላይ በሚገጠመው ክዳን) ውስጥ ወዳለች ትንሽ ክፍል የሚረጭበት ዓይነት ነው።

ሥራው ዘይቱን ከመቀበል ይጀምራል። የሚሰጠኝን ምግብ ቤት መጀመሪያ የምጠይቀው በየስንት ጊዜው እንደሚቀይሩት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ቤት ዘይቱ ወርቃማ ነው፣ ሽታውም አያስቸግርም። የጠቆረ፣ የሚከረፋ፣ በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ሙጫ የሚሳብ ዘይት በነጻም ቢሰጠኝ አልወስድም። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚነጣና የሚረጋውን ስብም እንደዚሁ እተወዋለሁ። በሳሙና ውሃ በታጠበ ጀሪካን የመጣ ዘይት ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሳሙና ውሃንና ዘይትን አዋህዶ እንደ ወተት ያደርጋቸዋልና ከዚያ በኋላ መለየት ከባድ ነው።

ቀጥሎ ማሳረፍ። በረጅም በርሜል ሞልቼ ሳልነካው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቦታ ካለኝ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ውሃውና ፍርፋሪው ከታች ይዘቅጣል። የምቀዳው ከላይ፣ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሚንሳፈፍ ቱቦ ነው። የታችኛውን አንድ አምስተኛ ክፍል ወደሚቀጥለው በርሜል መልሼ እንደገና አሳርፈዋለሁ።

ማጣራቱን ሳላሞቅ ነው የምሠራው፤ ብዙ ሰው የሚቃወመኝ እዚህ ላይ ነው። የሞቀ ዘይት በከረጢቱ ቶሎ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ነገር ግን የቀለጠው ስብ አብሮት ያልፍና ሲቀዘቅዝ ከማጣሪያው ማዶ ይረጋል። በቀዝቃዛው ያለፈ ዘይት መኪናው ላይ ሞቆ የባሰ ሊረጋ አይችልም። በ100፣ በ25፣ በ5፣ በመጨረሻም በ1 ማይክሮን ከረጢት በራሱ ክብደት ይወርዳል። በፓምፕ መግፋት አልወድም፤ ግፊት ለስላሳውን ዝቃጭ በቀዳዳው ያሾልከዋል።

ከዚያ ማድረቅ። ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቄ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ከታች ትንሽ ቀድቼ አያለሁ፣ ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ብቻ ሸፍኜ እንዲበርድ እተወዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዘይቱ በቂ መድረቁን በምን ታረጋግጣላችሁ? ሁለተኛ፣ የሞተር ዘይታችሁን በምን ያህል ጊዜ ትቀይራላችሁ?

ፖምፓ_ጠጋኝ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ሥራዬ የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል (ነዳጁን የሚገፋውንና ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) መጠገን ነው፤ በዘይት የሠሩ ብዙ ፖምፓዎች እጄ ላይ ተፈትተዋል። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው ወደ ማጣሪያ ከመሮጡ በፊት ፖምፓው ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቅ።

ናፍጣ በ40 ዲግሪ ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4.5 ካሬ ሚሊሜትር በሰከንድ ነው። የምግብ ዘይት በዚያው ሙቀት ከ30 እስከ 40 ይደርሳል፤ አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ እንኳ ከ10 ብዙም አይርቅም። ፖምፓው የተሠራው ለቀጭኑ ነገር ነው።

እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፕለንጀር (ነዳጁን የሚገፋ ትንሽ ዘንግ) ያለው፣ በመስመር የተደረደረ ፖምፓ ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቹ የሚለሰልሱትም በሞተር ዘይት ነው። የሚሽከረከረው ዓይነት፣ አንዱ ራስ ለሁሉም ሲሊንደር የሚያድለው፣ በራሱ ነዳጅ ነው የሚለሰልሰው። ከእነዚህም መካከል የሉካስ ወይም የካቭ ስም ያለባቸው በተለይ ቀዝቃዛ ወፍራም ዘይት አይወዱም። ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ሲነሳ በውስጣቸው ያለው ጫና ከመጠን በላይ ይሆንና የሚሰበር ነገር ይኖራል። የቦሽ የሚሽከረከረው በመካከል ነው፤ ዘይቱ ከሞቀ ይሠራል፣ ካልሞቀ ዕድሜው ያጥራል።

ፕለንጀሩና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ማይክሮን ድረስ መውረድህ ትክክል ነው። ግን አሸዋ በልቶት የመጣ ፖምፓ ከምቆጥረው ይልቅ በውሃ ዝጎ የመጣው ይበዛል።

አዲስ_ገባሁ ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ። የኔ መኪና በቅርብ ዓመታት የተሠራ ነው፣ ኮመን ሬል ይሉታል፣ ነዳጁ ከአንድ የጋራ ቱቦ ለሁሉም ኖዝል የሚታደልበት፤ ጭስ ማውጫው ላይም የጥቀርሻ ማጣሪያ አለው። በ1 ማይክሮን ካጣራሁ ችግር አለው? ዘይቱን በነጻ የሚሰጠኝ ሰው አለ።

ፖምፓ_ጠጋኝ ጻፈ፦

አዎ፣ ችግር አለው። አትሞክረው።

ኮመን ሬል ነዳጁን ከ1,600 ባር በላይ፣ አዳዲሶቹ ከ2,000 ባር በላይ ይገፉታል። ኖዝሉ በአንድ ምት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል፤ ይህንን የሚያሰላው ኮምፒውተር የናፍጣን ውፍረት ይዞ ነው። በዚያ ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ራሱ ተጨማሪ ነዳጅ ዘግይቶ በመርጨት ያቃጥለዋል። ናፍጣ ሲሆን አብዛኛው ይተንናል። የምግብ ዘይት ግን ስለማይተን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ፣ ውጤቱ ያው ነው። የኖዝሎቹ ዋጋ ከምትቆጥበው ነዳጅ ጋር አይነጻጸርም።

ላብራቶሪ_ላይ ጻፈች፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለኝ። በቅድሚያ ግን ዘይት_አጣሪ ያነሳውን ነጥብ ልደግፍ፤ ማጣሪያ የሚይዘው ጠጣር ነገር ብቻ ነው። መጥበሻ ላይ የዋለ ዘይት ሦስት ሌሎች ነገሮች ይገጥሙታል። ውሃ ይገባዋል፤ ከውሃውና ከሙቀቱ የተነሳ ስቡ ተሰብሮ ነጻ የስብ አሲድ ይወጣል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ይወፍራሉ። አሲዱና ወፍራሙ ሞለኪውል በዘይቱ ውስጥ የሟሙ ናቸው። 1 ማይክሮን ቀርቶ ግማሽ ማይክሮንም አይዛቸውም።

ጀርመኖች ያልተሠራበት የጎመን ዘር ዘይት በቀጥታ ለሞተር ሲውል ሊያሟላው የሚገባውን ደረጃ ዲን 51605 ብለው አውጥተዋል። ውሃው በኪሎ ግራም ከ750 ሚሊ ግራም፣ ጠቅላላ ጠጣር ቆሻሻው ከ24 ሚሊ ግራም፣ የአሲድ ቁጥሩም (የነጻው አሲድ መጠን መለኪያ) ከ2 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ የምንሠራው ዘይት እዚያ ካልደረሰ የራቀበትን መጠን ማወቅ አለብን።

ለውሃ የብረት ድስት ሙከራ ይበቃል። በደረቅ ድስት ላይ ሙቀቱ ወደ 130 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ማንኪያ ዘይት አድርጉና ተመልከቱ። ቢንጣጣ ነጻ ውሃ አለው፣ ወደ ማሳረፊያው ይመለስ። ዝም ብሎ ግን ጥቃቅን አረፋ ከታች ካለማቋረጥ ቢወጣ የሟሟ ውሃ አለው። ምንም አረፋ ከሌለ ደረቅ ነው። ናሙናው የሚወሰደው ከበርሜሉ ግርጌ ነው፤ የላይኛው ሁልጊዜ ያሞግሳችኋል። መነጽርና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ምድጃውም የእሳት ነበልባል የሌለው ይሁን።

ለአሲድ ቲትሬሽን፣ ማለትም አሲዱን በጠብታ የመለካት ሙከራ፣ እሠራለሁ። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ይሟሟል፣ ቀለም የሚቀይር ጠቋሚ የሆነው የፊኖልፍታሊን ጠብታ ይጨመርበታል። ከዚያ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 1 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ሐምራዊ ቀለሙ እስኪጸና ድረስ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ከዚያ ፈሳሽ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር በአሲድ ቁጥር 1.5 ገደማ ነው። ስለዚህ የጀርመኑ ወሰን ከ1.3 ሚሊ ሊትር ትንሽ ከፍ ቢል ታልፏል ማለት ነው። 3 ወይም 4 የወጣበትን ዘይት እኔ ሞተር ውስጥ አላስገባም። አሲዱ መዳብና ናስ ይበላል፣ ከብረታ ብረቱም ጋር ሳሙና እየሠራ ፊልትሮ ይደፍናል።

ዘይት_አጣሪ ጻፈ፦

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የድስቱን ሙከራ እሠራዋለሁ፤ ከግርጌ መውሰድ እንዳለብኝ ግን አላሰብኩትም ነበር። ስለ አሲዱ ያልሽውን ደግሞ ከቀበሌ እስከ ከተማ የሚሰበስብ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ በቀለም ብቻ የሚፈርድ ብዙ ነው።

ማሞቅን በተመለከተ አንድ ነገር ላጥብቅ። ሙቅ ዘይት ከቀዝቃዛ ዘይት የበለጠ ውሃ ያሟሟል። ሰው በ60 ዲግሪ አጣርቶ "ውሃ የለውም" ይላል፤ ሲበርድ ያው ውሃ ተለይቶ ከታንከሩ ሥር ይቀመጣል። ለዚህ ነው ማድረቁ ከማጣራቱ ተለይቶ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቦታ ኖሮት መሠራት ያለበት።

ድጋሚ_ጉዞ ጻፈ፦

የማድረቁን ነገር እኔ የምሠራው በፓምፕ ከታች እየሳብኩ ከላይ በቀጭን ረድፍ እንዲረጭ በማድረግ ነው። ገጹ ሲሰፋ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ለሰዓታት ብቻ ነው የሚሞቀው። በውስጡ አየር የሚነፉ ሰዎች አይቻለሁ። እኔ አልመክርም፤ ሙቅ ዘይት ውስጥ አየር መንፋት ላብራቶሪ_ላይ ያለችውን መወፈር ማፋጠን ነው።

ሁለት_ታንከር ጻፈ፦

ስለ ዘይቱ ብዙ ተባለ፤ ስለ መኪናው ግን ገና ነው። የተጣራ ዘይት በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ገብቶ ከተቃጠለ ማጣራቱ ከንቱ ነው።

ዘይት ወፍራም ሲሆን ኖዝሉ ወደ ጥሩ ጭጋግ አይበትነውም፣ ትላልቅ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል የኖዝሉ ጫፍ ላይ ከሰል ይሆናል፤ ቅርጹን ያበላሻል፤ ቀጣዩ መርጨት የባሰ ይሆናል። ከዚያ የፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ከጉድጓዱ ጋር ይጣበቃል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በሚሠራባቸው ደቂቃዎች ነው።

ስለዚህ መኪናዬ ሁለት ታንከር አለው። የሚነሳው በናፍጣ ነው። የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ በዘይቱ ታንከር ውስጥ፣ በቱቦው ጎን ለጎንና በጠፍጣፋ ሙቀት አስተላላፊ በኩል ያልፋል። ፖምፓው ደጃፍ ላይ ያለው ቴርሞሜትር 70 ዲግሪ ሳያሳይ ቫልቩን አልቀይርም፤ 80 ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ሞተሩን ከማጥፋቴ በፊት ተመልሼ ወደ ናፍጣ እቀይራለሁ፤ በፖምፓውና በኖዝሉ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ እነዳለሁ። ግልጽ የሆነ ቱቦ ብታስገቡ ለውጡን በዓይን ታያላችሁ።

የመመለሻው መስመር፣ ማለትም የተረፈው ነዳጅ ወደ ታንከር የሚመለስበት ቱቦ፣ ብዙዎችን ያስቸግራል። ወደ ናፍጣ ተቀይሮ ዘይቱ በሚታጠብበት ጊዜ የሚመለሰው ፈሳሽ ወደ ናፍጣው ታንከር ከሄደ ናፍጣው ቀስ በቀስ በዘይት ይበከላል፤ ወደ ዘይቱ ከሄደ ደግሞ ናፍጣ ይባክናል። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። የሚነሳበት ነዳጅ ንጹሕ መሆኑ ይበልጥብኛል።

ከፊልትሮው በኋላ የመሳብ ጫና የሚያሳይ መለኪያ አስገቡ። ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ ኃይል ከማጣቱ ቀድሞ መርፌው ይናገራል።

ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ኋላ ላይ ስለዚህ ተናግሯል። በኋላ ዘመን ደግሞ ሉድቪግ ኤልስቤት የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ሞተሩን ራሱን ለዘይት እንዲስማማ አድርጎ ሠራ። ያኔ ሞተሩ ነው የተቀየረው፤ እኛ ግን ለናፍጣ የተሠራውን ሞተር ይዘን ዘይቱን ልናስማማው ነው የምንሞክረው።

ደባልቄ ጻፈ፦

ይህ ሁሉ ዝግጅት ያስፈልጋል? እኔ በአሮጌ ሞተር ላይ አንድ አምስተኛ ዘይት ከአራት አምስተኛ ናፍጣ ጋር ቀላቅዬ ነው የምነዳው። ታንከር አልቀየርኩም፣ ማሞቂያ የለኝም። ያለ ችግር ይነሳል፣ ጭሱም አልጨመረም። ለተራ ሰው ይህ አይቀልም?

ላብራቶሪ_ላይ ጻፈች፦

ደባልቄ፣ በትንሽ መጠንና በተስማሚ ሞተር ላይ መቀላቀል ውፍረቱን በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን "ያለ ችግር ይነሳል" የሚለው ነገር የሚነግርህ ስለ ኖዝሉ ነው፤ ስለ ሞተር ዘይቱ አይነግርህም።

ያልተቃጠለው ትንሽ ዘይት በፋሻው በኩል ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ናፍጣ ቢሆን ሞተሩ ሲሞቅ ከፊሉ ይተን ነበር። የምግብ ዘይት ቀርቶ ይጠራቀማል፤ በሙቀትና በአየር እየተያያዘ ሙጫ ይሆናል፤ የሞተር ዘይቱን ጥበቃ ቅመምም ይጨርሰዋል። እየወፈረ ሄዶ አንድ ቀን ፓምፑ የማይስበው ይሆናል። የምትቀላቅለው አንድ አምስተኛ ስለሆነ ጉዳዩ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የዘይቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የአዮዲን ቁጥር የሚባል መለኪያ ዘይቱ ከአየር ጋር የመጣበቅ ዝንባሌውን ያሳያል። የተልባ ዘይት ወደ 180 ይደርሳል፤ ለዚህም ነው ለቀለም የሚውለው፣ ይደርቃል። የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት በ130 አካባቢ ናቸው፤ የጎመን ዘር 110 ገደማ፤ የፓልም ዘይት 50 አካባቢ፤ የኮኮናት ደግሞ ከ10 ብዙም አይበልጥም። ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ሙጫ አይሆኑም፤ ግን በቀዝቃዛ ቀን ይረጋሉ። ሁለቱንም ማምለጥ አይቻልም፤ የአካባቢያችሁን አየር አይታችሁ መምረጥ ነው።

ለዘይት_አጣሪ ሁለተኛ ጥያቄ መልሴ፦ አምራቹ ካዘዘው ርቀት በግማሽ ቀይር። በየመካከሉም ከመለኪያ ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ በነጭ ወፍራም ወረቀት ላይ አኑር። ጤነኛ ዘይት ተስፋፍቶ ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይደበዝዛል። ጥቁር እምብርት ሠርቶ መሀል ላይ ከቆመና ዙሪያው ደረቅ ከሆነ፣ ርቀቱን ሳትጠብቅ ድፋው። በዘንጉ ላይ የሚታየው የሞተር ዘይቱ መጠን ከፍ እያለ ከሄደም እንደዚሁ።

ፖምፓ_ጠጋኝ ጻፈ፦

እህታችን ያለችውን አጠናክራለሁ። ሌላም ልጨምር፤ የመንዳት ልማድ ከምንም ይበልጣል። መኪናው ጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ሲሊንደሩ ሞቆ ስለሚሠራ ዘይት በደንብ ይቃጠላል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት፣ በየቦታው ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቅ ሰው ግን ዘይቱን ይተወው። ሞተሩ ገና ሲሞቅ መድረሻው ይደርሳል፤ ሁለት ታንከር ቢኖረውም ሁልጊዜ በናፍጣው ላይ ነው። ባዶ ሩጫ ላይ ማቆየት ደግሞ ከሰሉን የሚያበዛ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ከመጀመራችሁም በፊት ኖዝሎቹን አስፈትሹ፣ ኮምፕሬሽኑን አስለኩ። ያለቀ ሞተር ዘይት ላይ ከወጣ ጥፋቱ የዘይቱ ይመስላል እንጂ የነበረው ነው የሚወጣው።

ቀይ_ባልዲ ጻፈ፦

ብዙ ዓመት በእሳት መከላከል ሥራ ላይ ነበርኩ። እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ እለፉ።

ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ ወረቀትና የማጣሪያ ከረጢት ክምር አድርጋችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ሙቀት ያወጣል፤ ክምሩ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ያለ ክብሪት ራሱ ይነዳል። ብዙ ሰዓት ቆይቶ፣ ሁሉም ሲተኛ ሊነሳ ይችላል። አዮዲን ቁጥሩ ከፍ ያለው ዘይት በዚህ በኩልም የባሰ ነው። ከረጢቶቹን ለየብቻ አንጥፋችሁ ከቤት ውጭ አድርቁ፤ ወይም ውሃ ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ክዳን ገጥማችሁ አኑሩ።

ስታሞቁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ምንጊዜም በዘይት ውስጥ የተዘፈቀ ይሁን። ዘይቱ ሲጎድል ማሞቂያው ከወጣ ቀይ ፍም ይሆናል። ሙቀት መቆጣጠሪያው አንድ ብቻ አይሁን፤ አንደኛው ቢጣበቅ የሚያጠፋ ሁለተኛ ይኑር። ሥራውም ሰው ከሌለበት ቤት አይሠራ።

ውሃ ከሥሩ ያለበትን ዘይት ከ100 ዲግሪ በላይ አታሙቁ። ታች ያለው 1 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል፤ የላዩን ዘይት ይዞት ነው የሚወጣው። ዘይት ቢቀጣጠል ውሃ አይረጭበትም፤ ምንጩን አጥፉ፣ በክዳን አፍኑ፤ ለዘይት የሚሆን ማጥፊያም በእጃችሁ ይኑር።

ደባልቄ፣ አንዳንድ ሰዎች ለማቅጠን ቤንዚን ይጨምራሉና አንተም እንዳታስበው። ናፍጣ የሚቀጣጠል ትነት የሚያወጣው ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታችም ያወጣል። ትንሽ ቤንዚን የገባበት ታንከር ከዚያ በኋላ እንደ ቤንዚን ታንከር ነው የሚቆጠረው።

አዲስ_ገባሁ ጻፈ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ኮመን ሬሉን ትቼዋለሁ። ያገለገለ ዘይቱን ባዮዲዝል አድርጌ ብጠቀምስ? ያኔ ውፍረቱ ይቀንሳል አሉ።

ላብራቶሪ_ላይ ጻፈች፦

ይቀንሳል። በሜታኖልና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሠራ ትልቁ ሞለኪውል ይሰበርና ውፍረቱ በ40 ዲግሪ ወደ 4 ወይም 5 ይወርዳል። ግሊሰሪኑ ከሥሩ ይዘቅጣል። የሜታኖሉ መጠን ከዘይቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ የሃይድሮክሳይዱ ደግሞ ቀደም ብዬ በጻፍኩት ቲትሬሽን ይወሰናል።

ግን ሥራው ከማጣራት ሌላ ዓለም ነው። ሜታኖል በቆዳም በሳንባም ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ከሃይድሮክሳይዱ ጋር ሲደባለቅ ሥጋ የሚበላ ፈሳሽ ነው። ውሃ ያለበት ወይም አሲዱ የበዛ ዘይት ውስጥ ከተደረገ ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ይወጣል፤ ስለዚህ ማድረቁ አሁንም አይቀርልህም። ከዚያ መታጠብ፣ እንደገና መድረቅ አለበት። ኩሽና ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ፈጽሞ አይሠራም። ላንተ መኪና ደግሞ አምራቹ የሚፈቅደው የባዮዲዝል መጠን በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ የሚፈቅደውም በደረጃው የተመረመረውን ነው። ቤት ውስጥ የተሠራው እዚያ ውስጥ አይገባም።

አዲስ_ገባሁ ጻፈ፦

ገባኝ። ዘይቱን ለሚጠቀምበት ሰው አሳልፌ እሰጠዋለሁ።

ሕጋዊ_መንገድ ጻፈ፦

አጭር ነገር፦ በብዙ አገር በመንገድ ላይ የሚነዳ መኪና የሚጠቀመው ነዳጅ ቀረጥ አለው፣ ነዳጁ ከመጥበሻ ቢመጣም። ያገለገለ ዘይት መሰብሰብና ማጓጓዝም ፈቃድ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። የመድን ድርጅታችሁም መኪናው መለወጡን ማወቅ ሊፈልግ ይችላል። ሁለተኛ ታንከር ከመግጠማችሁ በፊት ጠይቁ።

ድጋሚ_ጉዞ ጻፈ፦

ስለ ሴንትሪፉጅ ማንም አልጻፈም። በከረጢት ፋንታ የሚሽከረከር ሳህን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ከረጢት አይደፈንም፣ ነጻ ውሃንም ይለያል። የምትገዙት ከሆነ ሽፋኑ ወፍራም ይሁን። በደቂቃ ሺዎች ጊዜ የሚዞር ሳህን ሚዛኑ ቢዛባ ይፈነዳል፤ ራሳችሁ በላቲ ቀርጻችሁ የምትሠሩት ዕቃ አይደለም። የሟሟውን ውሃ ግን እሱም አያወጣም። የድስቱ ሙከራ ከእሱ በኋላም ይሠራል።

ዘይት_አጣሪ ጻፈ፦

ከዚህ ክር ብዙ ወስጃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ናሙናዬ ከግርጌ ነው፤ ቲትሬሽንም ከማጣሪያው በፊት፣ ዘይቱን ስቀበል ይሠራል። ያገለገሉ ከረጢቶቼን ውሃ ባለበት የብረት ባልዲ ከውጭ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ቀይ_ባልዲ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ለሁለት_ታንከር፦ በታንከሬ ውስጥ ልገጥም ያሰብኩት የማሞቂያ ጥቅል የመዳብ ቱቦ ነው። ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ጥሩ ነው ይሉኛል። አንተ በምን ሠራኸው?

ሁለት_ታንከር ጻፈ፦

መዳብ አታስገባ። ሙቀት በማስተላለፍ እውነት ነው ይበልጣል፤ ግን መዳብ ዘይቱ ከአየር ጋር የሚያደርገውን መያያዝ ያፋጥነዋል። ሙቅ ዘይት ውስጥ ሌት ተቀን ተዘፍቆ ሲኖር ቱቦው ላይ ቡናማ ሙጫ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሙቀቱንም አያስተላልፍም። ናስም የመዳብ ልጅ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም አሲዱ ይበላዋል። የኔ ጥቅል አይዝጌ ብረት ነው፣ ታንከሩ አሉሚኒየም። የጎማ ቱቦዎቹንም በቪቶን (ሙቅ ዘይት በሚችል ልዩ ጎማ) ለውጣቸው፤ ተራው ጎማ በሙቅ ዘይት ያብጣል፤ በመሳቢያ በኩል አየር ማስገባት ሲጀምር ደግሞ ሞተሩ ለምን እንደሚያስል ፈልገህ ታጣለህ።

አይዝጌው ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚያስተላልፍ ጥቅሉን አስረዝመው። የምትስብበትን ቱቦ አፍ ከጥቅሉ መሀል፣ ከታንከሩ ወለል ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ አኑረው። ታንከሩ በሙሉ እስኪሞቅ መጠበቅ አያስፈልግህም፤ አፉ አካባቢ ያለው ከሞቀ ይበቃል። ከሥሩም የማስወጫ ቡሎን አብጅለት፤ ሁሉንም አድርገህ እንኳ ከጊዜ በኋላ እዚያ ትንሽ ውሃ ታገኛለህ።

ዘይት_አጣሪ ጻፈ፦

አይዝጌ ይሁን እንግዲህ። ቡሎኑን ከሥሩ አበጅለታለሁ።